ለመምህርቷ የሠራሁት ማጉያ

መምህርታችን ድምፅዋን ያጣችው እንቅርቷን በቀዶ ሕክምና ካስወጣች በኋላ ነው። አንገቷ ዳነ፤ ድምፅዋ ግን አልተመለሰም። ጨርሶ አልተዘጋም፣ ስትናገር ግን ከቃሉ ይልቅ ትንፋሹ ይበዛ ነበር፤ የተበሳ ጎማ ሲተነፍስ እንደሚሰማው ያለ። ከሁለት ሜትር ወዲያ የተቀመጠ ሰው ከንፈሯን ያያል እንጂ አይሰማትም። እሷ ደግሞ የምታስተምረው ከመቶ የማናንስ ትልልቅ ሰዎችን ነው፤ ያውም ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር በሆነ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ።

እኔ ከተማሪዎቿ አንዱ ነበርኩ። ጊዜው ደርግ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው አይኑር ብሎ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያወጀበት ነው። ሐዋሳን ያን ጊዜ አዋሳ ነበር የምንላት። ዛሬ አዲስ ከተማ በሚባለው በኩል ከላሜራ የተሠራች ሱቅ ነበረችኝ፤ ሬዲዮ እጠግናለሁ። ሬዲዮ የሚጠግን ሰው እንዴት ፊደል አይለይም የሚለኝ ብዙ ነው። ይሆናል። ሥራውን የለመድኩት በዓይኔ ነው። ሬዲዮ ውስጥ ያለው የመስታወት ቫልቭ ላይ የተጻፈውን እንደ ሰው ፊት አየዋለሁ፤ ይሄ እንትና ነው፣ ያኛው እንትና ነው እላለሁ፣ አለቀ። ደንበኛ ስሙን ጽፎ ሲሰጠኝ ግን ወረቀቱን ገልብጬ እይዝና አፍር ነበር።

በመጀመሪያው ዙር የደረሰኝ አስተማሪ አንድ ወጣት ዘማች ነበር። ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም፤ አፉ ግን አይጣል ነው። አንድ ቀን ሰሌዳ ፊት አቁሞኝ ስሳሳት፣ «የእርስዎ ጭንቅላት ሲሚንቶ ነው እንዴ?» አለኝ ሰው ሁሉ እየሰማ። ደብተሬን አጥፌ ወጣሁ። ቀበሌው ካልተማርክ ከሱቃችን ስኳር አትወስድም አለኝ። ሦስት ወር ሙሉ ሻዬን ያለ ስኳር ጠጣሁ። ባለቤቴም አብራኝ ያለ ስኳር መጠጣት ስለተፈረደባት አኮረፈችኝ። እልኸኛ ነኝ፤ ዛሬም አልክድም።

በሁለተኛው ዙር የመለሰችኝ አንዲት ጎረቤቴ ነች፤ ጉሊት ድንች የምትሸጥ የሲዳማ ሴት።

«ና፣ አዲሷ አትጮህም» አለችኝ።

«ሁሉም መጀመሪያ ላይ አይጮኹም።»

«ይቺ ድምፅ የላትም። ብትፈልግም አትጮህም።»

ሄድኩ። እውነቷን ነበር። መምህርቷ መጮህ ስለማትችል ወደ እያንዳንዱ ሰው ትመጣለች፣ ጎንበስ ብላ ጆሮው ሥር ትናገራለች። አንተ ብትሳሳት ካንተና ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም። «ጋሼ፣ የዚችን እግር ይመልከቷት፣ ወደ ውስጥ ነው የምትታጠፈው» ትለኛለች። እኔም አያለሁ፤ እውነትም ወደ ውስጥ ነው። በዕድሜ ታንሰኛለች፤ ግን ፊደል የምታስቆጥረኝን ሰው አንቺ ማለት ስለከበደኝ እርስዎ እላት ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ከቁጥር ወጥቼ ቃል መግጠም ጀመርኩ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ አሁን ብናገረው የልጅ ወሬ ይመስላል።

ነገር ግን መቶ ሰው ጆሮ ሥር እየዞሩ ማስተማር አይቻልም። ፊት ያለነው እንማራለን፤ ኋላ ያሉት ያወራሉ፣ ይተኛሉ፣ ቆይተው ደግሞ መምጣታቸውን ይተዋሉ። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድማ ጆሮ ሥርም አትሰማም። አንድ ከሰዓት የቀበሌው ሊቀመንበር ከኮሚቴው ጋር መጣና እኛው ፊት ቆሞ ተናገራት።

«ጓድ መምህርት፣ ሕዝቡ አይሰማሽም። በወሩ መጨረሻ ሪፖርት አለብን። እንዲህ ከቀጠለ ይሄን ክፍል ከጠዋቱ ክፍል ጋር እንቀላቅለዋለን፤ አንቺም ወደ ትምህርት ቤትሽ ትመለሻለሽ።»

የጠዋቱ ክፍል ያ ወጣት ዘማች የሚያስተምረው ነው። እኔ የታየኝ ያ ሲሚንቶ ነው። እሷ ግን ለራሷ ሌላ ነገር ነበር የታያት። የሚሰማት የፊት ወንበር ብቻ ነው፤ እኔ እዚያ ስለነበርኩ ሰማሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ትምህርት ቤቱም እኮ ይሄን ነው የሚጠብቀው። እዚህ ማስተማር አልቻለችም ከተባለ ክፍል አይሰጡኝም። ዕቃ ግምጃ ቤት ነው የሚያስቀምጡኝ፣ ጠመኔ ቆጥሬ እንዳድል።»

«ምን አለች?» አለ ከኋላው ያለው የኮሚቴ አባል።

እኔ ብድግ አልኩ።

«እኔ የድምፅ ማጉያ እሠራላታለሁ።»

ሊቀመንበሩ ዞሮ አየኝ። «ጓድ፣ የቀበሌው ማጉያ መብራት በዝቶበት ተቃጥሎ እዚያ ጥግ ቁጭ ብሏል። አንተው ራስህ አይደለህም እንዴ ትራንዚስተሩ አገር ውስጥ አይገኝም ብለህ የመለስከው?»

«ያለ ትራንዚስተር እሠራዋለሁ።»

«ያለ ጎማም መኪና ንዳልና!» አለ አንዱ፣ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ድንች ሻጯ ብቻ አልሳቀችም፤ ቀሚስ ይመስል የኮቴን ጫፍ ይዛ፣ «ቁጭ በል፣ እልህህ ከዚህ በፊት ሚስትህን በስኳር ቀጥቷታል» አለችኝ።

ወሩ ሊያልቅ አሥራ ምናምን ቀን ቀርቶታል። ማይክሮፎኑን ከተቃጠለው የቀበሌ ማጉያ ላይ ፈትቼ እንድወስድ ፈቀዱልኝ፤ አንገቱ ብረት የሆነ፣ ከባድ ማይክሮፎን ነው። ሌላውን ራስህ ታውቃለህ ተባልኩ።

ትራንዚስተርን አልወደውም። ሲሞት ምልክት አያሳይም፤ ትናንት የነበረው ዛሬም ያው ነው፣ ግን ሞቷል። ቫልቭ ግን መስታወት ነው፣ ውስጡ ይታያል። ሲሠራ ይቀላል፣ ሲሞት ይጨልማል፣ አየር ሲገባበት አናቱ ወተት ይመስላል። ፊደል ለማያውቅ ሰው የሚስማማ ዕቃ ነው። ሱቄ ውስጥ ባለቤቶቻቸው ትተዋቸው የሄዱ ሦስት የቫልቭ ሬዲዮዎች ነበሩ፤ ሰዉ በባትሪ ወደሚሠራው ትንሹ ሬዲዮ ዞሮ እነሱን የሚፈልግ ጠፍቷል። ሦስቱንም ዘረገፍኳቸው።

ያሰብኩት ቀላል ነው። አንድ ቫልቭ ከማይክሮፎኑ የሚመጣውን ትንሽ ነገር ተቀብሎ ከፍ ያደርጋል። ሁለተኛው ከሱ ተቀብሎ እስፒከሩን ይገፋል። ሦስተኛው አያጎላም፤ ሥራው የመብራቱን ወዲያ ወዲህ ማለት አስትቶ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዲሄድ ማድረግ ነው። በቃ፣ ሦስት ቫልቭ። ሰው ማጉያ ሲባል ብዙ ነገር ያለው ይመስለዋል። ብዙውን ነገር የሚያመጣው መልኩ ነው፣ ድምፁ ትንሽ ነገር ይበቃዋል።

መቀመጫውን የሠራሁት ከርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ነው። ቀድጄ ዘረጋሁት፣ በመዶሻ አቀናሁት፣ ለቫልቮቹ ሦስት ክብ ቀዳዳ አወጣሁበት። ቆርቆሮው ጥሩ ነው፣ ለብየዳ የሚቀልጠውን ሊድ ይይዛል። የመበየጃ ካውያዬ ግን ጫፏ ተበልቶ ስለነበር አንዷን ነጥብ ለመበየድ ሦስት ጊዜ መመለስ ነበረብኝ። ጠዋት የሰው ሬዲዮ፣ ከሰዓት ትምህርት፣ በመሃል እሱን። ትከሻዬ ያን ሰሞን የሌላ ሰው ትከሻ ነበር።

ሬዲዮዎቹ ትራንስፎርመር የሌላቸው ዓይነት ነበሩ። ይሄን ማስረዳት አለብኝ፣ ኋላ የመጣው ነገር ከዚህ ነው የመጣው። ጥሩ ሬዲዮ የግድግዳውን መብራት በትራንስፎርመር ይቀበላል። ትራንስፎርመር ማለት ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ እርስ በርስ የማይነካኩ የሽቦ ጥቅሎች ናቸው፤ ኃይሉ ይሻገራል፣ ሽቦው ግን አይገናኝም። ርካሹ ሬዲዮ ይሄ የለውም። ከግድግዳው የመጣውን በቀጥታ ይጠጣል፣ የቫልቮቹም ማሞቂያ እንደ መቁጠሪያ ተራ በተራ በአንድ ሽቦ ላይ ይሰካል። የኔ ሦስት ቫልቮች ተደምረው የግድግዳውን ኃይል አይሸከሙም፤ ስለዚህ ትርፉን እንዲበላልኝ አንድ የቤት አምፖል በተራው ውስጥ አስገባሁ። ማጉያው ሲሠራ አምፖሉ በግማሽ ልቡ ይበራል። በአካባቢው ያለው ወፍጮ ቤት ሞተር ሲያስነሳ ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ ደብዘዝ ይላሉ።

መጀመሪያ ያወጣው ድምፅ ንብ ነው። ቀፎ ሙሉ ንብ። ሁለት ቀን ያንን ሳባርር ቆየሁ። መብራቱን የሚያረጋጋ ትልቅ ኮንደንሰር ጨመርኩ፣ የማሞቂያውን ሽቦ እንደ ገመድ ገመድኩት፣ የማይክሮፎኑን ሽቦ በቆርቆሮ ጋረድኩት፣ የማይክሮፎኑን የብረት አንገትም ከመቀመጫው ቆርቆሮ ጋር አያያዝኩት። ያን ጊዜ ንቡ ቀነሰ። ጨርሶ አልሄደም፤ ትንኝ የሚያህል ቀረ። ተውኩት፣ ደክሞኝ ነበር።

ቤት ወስጄ ሰካሁትና ማይክሮፎኑን ይዤ «አንድ፣ ሁለት» አልኩ። ባለቤቴ ጓሮ ነበረች።

«ምንድነው እሱ?» ብላ ጮኸች።

«እኔ ነኝ!» አልኩ በማይክሮፎኑ።

«አንዱ ድምፅህ አልበቃኝም ነበር?»

መጥታ እንድትናገርበት ብለምናት እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። «ከዚያ እሳት ጋር አልነካካም። አንተን ያልነዘረህ ስለሰለቸኸው ነው።» ሳቅን። መብራት ነዝሮኝ አያውቅም ነበርና እኮራ ነበር። ሌሎች ጠጋኞች ሲዘሉ አይቻለሁ፤ እኔ ግን ስንት ዓመት ሳልነዘር መሥራቴ የእጄ ብልሃት ይመስለኝ ነበር።

ማጉያውን ወደ አዳራሹ የወሰድኩት ቀን ሰው ሞልቶ ነበር። መምጣታቸውን የተዉት ሁሉ ለማየት መጡ። ሊቀመንበሩም በሩ ላይ ቆሟል። ድንች ሻጯ እንደ ወትሮው ቀድማ መጥታ ወለሉን ጠርጋለች። አፈር ወለል ነው፣ መቶ ሰው ሲረግጠው አቧራው አያስተነፍስም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከመጥረግ በፊትም ከመጥረግ በኋላም ውሃ ትረጫለች። ያን ቀን እንግዳ አለ ብላ ሁለት ባልዲ ረጭታለች። ሰሌዳው አጠገብማ ጭቃ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ሰካሁ። አምፖሉ በራ፣ ቫልቮቹ ቀሉ። ማይክሮፎኑን አንስቼ «ይሰማል?» አልኩ። ድምፄ ከኋላ ግድግዳ ደርሶ መጣ። ኋላ ያሉት አጨበጨቡ። መምህርቷ ፈገግ ብላ እጇን ዘረጋች፣ ሰጠኋት።

በያዘችው ቅጽበት እጇ ተኮማተረ። መጮህ እንኳ አልቻለችም፤ ድምፅ የላትማ። አፏ ተከፈተ፣ ክንዷ ደረቷ ላይ ተጣበቀ፣ ማይክሮፎኑን መልቀቅ አቃታት። እኔ መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ሲገባኝ ሽቦውን በእጄ ጠልፌ ከግድግዳው ነቀልኩት። ወደቀች።

ሰዉ ግልብጥ ብሎ መጣ። ትተነፍሳለች። ፊቷ አመድ መስሏል፣ የግራ መዳፏ ላይ የማይክሮፎኑ አንገት ቀይ መስመር ጥሏል። ውሃ ውሃ የሚል ሲበዛ ድንች ሻጯ ጮኸች፦ «ውሃ አይሁን! እኔ ነኝ የገደልኳት፣ በውሃ ነው የገደልኳት!» ራሷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሊቀመንበሩ ሰዉን ገፍቶ ፊቴ ቆመ። በዚያ ዘመን አንድ ቃል ሰው ያሳስራል፤ እሱም ያችን ቃል መረጠ።

«ይሄ አሻጥር ነው ወይስ ድንቁርና?»

«ድንቁርና ነው ጓድ። እሱን ለማጥፋት ነው እዚህ የምማረው።»

ከኋላ አንዱ ሳቁ አመለጠው፣ ወዲያው አፈነው። ሊቀመንበሩ አፌን አየ፣ እጄን አየ፣ እየቀለድኩ እንዳልሆነ ሲገባው ፊቱን አዞረ። «ቀሪው ስምንት ቀን ነው» አለና ሄደ።

በማግስቱ ላያት ቤቷ ሄድኩ። እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር ሌላ ነገር ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ከኔ በፊት እርስዎ ይዘውት ነበር። እርስዎን ለምን አልነዘረዎትም?»

«እንጃ። ለምጄው ይሆናል።»

«መብራት ይለመዳል?» አለች። እግሬን አየች። «ጫማዎን አውልቀው ያሳዩኝ እስቲ» አለችኝ።

ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ነው። ሌላ ጫማ አድርጌ አላውቅም፤ ሱቅም፣ ቤትም፣ ለቅሶም በሱ ነው። አገላብጣ አየችውና መለሰችልኝ። የራሷን ጫማ ደግሞ ጠቆመችኝ፤ ስስ ቆዳ፣ ሶሉ አልቆ መሬቱ ሊታይ የደረሰ። በረባሶዬን አጥልቄ ወጣሁ። የስንት ዓመት ብልሃቴ ጎማ ነበር።

ሱቄ ገብቼ በረባሶዬን አወለቅኩ። ወለሉ ላይ ውሃ አፈሰስኩ፣ በላዩ ቆምኩ፣ ማጉያውን ሰክቼ የማይክሮፎኑን አንገት በእጄ ጀርባ ነካሁት። እስከ ክርኔ መታኝ። ሶኬቱን ነቅዬ ገልብጬ ሰካሁት፣ ደግሜ ነካሁት። ምንም የለም። ከግድግዳው ከሚመጡት ሁለት ሽቦዎች አንዱ ይነዝራል፣ አንዱ አይነዝርም፤ የኔ ቆርቆሮ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ የሚወስነው ሶኬቱ የተሰካበት ወገን ነው። ሬዲዮ ሲሆን የእንጨት ሳጥን ስላለው ሰው ቆርቆሮውን አይነካም። እኔ ግን ያንን ቆርቆሮ በሽቦ አስረዝሜ በሰው እጅ አስያዝኩት። በአንድ ወገን ብቻ ይሰካ ብዬ ምልክት ላደርግበት እችል ነበር። ግን የሚሰካው ሰው ቢሳሳትስ? ሰው መሳሳቱ አይቀርም፤ እኔው ራሴ እነሆ።

መፍትሔው አንድ ነው፣ ትራንስፎርመር። አዋሳ ውስጥ የማውቀው የሚሠራ የቫልቭ ትራንስፎርመር አንድ ብቻ ነበር። እሱም ቤቴ ነው፣ ባለቤቴ በየማታው ዜናና ዘፈን የምታዳምጥበት ትልቁ ሬዲዮ ውስጥ። ከተጋባን ጀምሮ ያለ ነው፤ ዳንቴል ለብሶ ነው የሚኖረው።

ዳንቴሉን ሳነሳው አየችኝ።

«ምን ሆነ? ይሠራ የለም እንዴ?»

«ይሠራል።»

«ታዲያ ካቻቢቴ ምን ይሠራል እጅህ ላይ?»

ነገርኳት። «ስኳሩንም ሬዲዮውንም። ቀጥሎ እኔን ነው የምትፈታታው» አለች። ግን መምህርቷ እንዴት እንደወደቀች ሰምታለች። ዳንቴሉን ከእጄ ወስዳ አጠፈችውና ወጣች። ትራንስፎርመሩን ብቻ ልወስድ አስቤ ነበር፤ ለማሞቂያ የሚሰጠው ኃይል ከፊተኞቹ ቫልቮች ጋር ስላልተስማማ የሬዲዮውን ቫልቮችም ወሰድኩ፣ እስፒከሩንም። ሳጥኑ ባዶ ቀረ። ከሰነበተ በኋላ ባለቤቴ ዶሮ አስታቀፈችበት። እንግዳ ሲመጣ፣ «ሬዲዮአችን ዘንድሮ ጫጩት ነው የሚያወራው» ትል ነበር።

የመጀመሪያውን ቆርቆሮ በሙሉ ፈትቼ እንደገና ሠራሁት። አምስት ቀን ፈጀብኝ። አሁን ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር ምንም መንገድ የለውም። ውሃ ላይ ባዶ እግሬን ቆሜ ሶኬቱን በዚህም በዚያም እየገለበጥኩ ነካሁት። አልነዘረኝም። ግን ሱቄ ውስጥ እኔን አለመንዘሩ ከእንግዲህ ለማንም ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ እያየ በረባሶዬን አውልቄ በሩ ላይ ተውኩት። ድንች ሻጯ ያን ሰሞን ውሃ መርጨት ትታ ስለነበር ሁሉም በአቧራ ያስል ነበር።

«ውሃ አምጪ» አልኳት።

«አላመጣም።»

«አምጪ አልኩሽ! እግሬ ሥር አፍሺው።»

«ብትሞት ሚስትህ እኔን ነው የምትይዘኝ።»

«ሬዲዮዋን ወስጄባታለሁ፣ አትይዝሽም።»

እያለቀሰች አፈሰሰች። ጭቃው ውስጥ ገብቼ ማይክሮፎኑን በሁለት እጄ ጨብጬ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የመጀመሪያ መስመር አነበብኩ። ቀስ እያልኩ፣ እየተንተባተብኩ። ጨርሼ ለመምህርቷ ዘረጋሁላት።

እጇን አነሳች። ማይክሮፎኑ ጋ ሲደርስ ቆመ። ደግማ ሞከረች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ ማመኑን አምኜዎታለሁ። እጄ ነው እምቢ ያለኝ» አለች።

ስምንተኛው ቀን ነበር። ሊቀመንበሩ የሪፖርቱን ወረቀት ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ሌላ ነገር አልመጣልኝም። «እርስዎ ብቻ ይናገሩ፣ እኔ እይዝልዎታለሁ» ብዬ ማይክሮፎኑን አፏ ፊት ያዝኩላት።

ተናገረች። ትንፋሹ እንዳለ ነው፣ ትንኟም ከኋላ ትዘፍናለች፤ ግን እያንዳንዷ ቃል ከኋላ ወንበር ደረሰች። ኋላ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ «እንዲህ ነው እንዴ ድምፅዋ?» አሉ። ከስንት ወር በኋላ መስማታቸው ነው። በመሃል ዝናብ ጀመረ፣ ቆርቆሮው ይንኳኳ ጀመር፤ ድምፁን ትንሽ ከፈት አደረግሁት፣ ከዝናቡ በላይ ሄደች። ሊቀመንበሩ ትንሽ ቆሞ ሰማና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ክፍሉ አልተቀላቀለም። መምህርቷም ቀረች።

እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ከእንጨት ማቆሚያ ሠራሁላት፣ አልሆነም። ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ ፊቷ ይዞራል፣ ድምፁ ይጠፋል። ማይክሮፎኑ ወደ እስፒከሩ ከዞረ ደግሞ ይጮሃል፣ የታረደ ነገር ነው የሚመስለው፤ መቼ ወዴት ማዘንበል እንዳለበት የማውቀው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ይያዝላት ሲባል ሁሉም ያችን ቀን አይቷል፣ የሚደፍር የለም። ድንች ሻጯ አንድ ጊዜ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛው ነበር፤ እጇ ሲንቀጠቀጥ መምህርቷም አብራ ተንቀጠቀጠች። ስለዚህ በየቀኑ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ሁለት ሰዓት ሙሉ ክንዴን ዘርግቼ እቆማለሁ። ሲደክመኝ ቀኙን በግራው እለውጣለሁ። ትከሻዬ ዛሬም ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ይነግረኛል።

ሰሌዳውን ከማንም በላይ በቅርብ ስላየሁት ማንበብ ገባኝ። ደብተሬ ግን ወንበሩ ላይ ቀረ። ሌሎች ሲጽፉ እኔ እይዛለሁ። መምህርቷ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ልስጥዎት ትለኝ ነበር፤ ከሁለት ሰዓት መቆም በኋላ እጄ እርሳስ አይጨብጥም፣ እሷም ጉሮሮዋ አልቋል። ነገ እንላለን።

በዙሩ መጨረሻ የተሰጠው ፈተና የቃል ጽሕፈት ነበር። መምህሩ ያነባል፣ ተማሪው የሰማውን ይጽፋል። መምህርቷ ልታነብ ተነስታ ማይክሮፎኑ ፊት ስትቆም፣ እኔ እሱን ይዤ መጻፍ እንደማልችል ያን ጊዜ ነው የገባት። አየችኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎስ?»

«ያንብቡ» አልኳት። «ሰዉ እየጠበቀ ነው።»

የኔ መልስ በማይክሮፎኑ ሄዶ አዳራሹ ሁሉ ሰማው። ጥቂቶች ከወረቀታቸው ቀና አሉ። እሷ ማንበብ ጀመረች። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበበች፤ እኔም በልቤ እየጻፍኩ አብሬያት ሄድኩ። የሳትኩት ያለ አይመስለኝም። ግን በልብ የተጻፈ አይታረምም።

ሊቀመንበሩ፣ «ጓድ፣ የሚቀጥለው ዙር አለልህ» አለኝ። በሚቀጥለው ዙር እሷ ትምህርት ቤቷ ክፍል ተሰጥቷት ሄደች፤ ማጉያውንም ይዛ እንድትሄድ እኔው ነኝ የለመንኳቸው፣ የሚይዝላትን አንድ የትምህርት ቤቱን ጥበቃም አያያዙን አሳይቻለሁ። አዳራሹን የተረከበው ያ ወጣት ዘማች ነው። አልሄድኩም። ስኳሩን እንደገና ከለከሉኝ። መጻፉን ኋላ ብቻዬን፣ በሬዲዮ ካርቶን ላይ እየቆጠርኩ ነው የለመድኩት፤ ገና አሁንም መስመሩ ይጣመምብኛል። ቆጭቶህ ያውቃል ወይ የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ቆጭቶኛል። ብዙ ጊዜ።

ምስክር ወረቀት የታደለ ዕለት ድንች ሻጯ ሱቄ መጣች። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛዋለች፣ እንዳይታጠፍ።

«አንብብልኝ» አለችኝ።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ያለፍሽው?»

«አነበብኩት። ከሌላ ሰው አፍ ልስማው ብዬ ነው።»

መነጽሬን ፈልጌ አነበብኩላት። ስሟ ላይ ስደርስ አስቆመችኝና ደግመህ በለው አለችኝ። ደገምኩት።